የረጋው ቅቤ

ግንቧ በከፊል የፈረሰ፣ በሮቿ ግን በየምሽቱ የሚዘጉ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ብጠራው አንባቢው «ይህማ የእነዚያ ሰዎች ነገር ነው» ብሎ እፎይ ይላል፤ እኔ ደግሞ ማንም እፎይ እንዲል አልፈልግም።

በዚያች ከተማ ሐጂ ዙበይር የሚባሉ ጣፋጭ ሠሪ ነበሩ። ሊጡን እንደ ሻሽ ያሳሱታል፤ በቅቤ እየቀቡ ይደራርቡታል፤ ጋግረው ማር ያጠጡታል። ትሪው ከሙሽራው ቤት ተነሥቶ፣ በገበያው መሀል አልፎ ሙሽሪት ቤት ካልገባ ሠርጉ እንደ ሠርግ አይቆጠርም ነበር። ሰዎቹ ሐጂን ይወዷቸው ነበር አልልም። የሚወዱት ጣፋጫቸውን ነው፤ ምላሳቸውንማ ይፈሩት ነበር።

አብራቸው የምትሠራው ሰኪና፣ ከባሏ ተፋትታ ወደ ወንድሞቿ ቤት የተመለሰች ሴት ናት። ልጅ ሳለች አንድ ቀን በሐጂ ሱቅ በር ቆማ፣ ያረረ ትሪ ከምድጃ ሲያወጡ አየች። ጎረቤታቸው «ማር ጨምርበት፤ ማን ያውቃል?» አላቸው። ሐጂ ትሪውን እንዳለ አመድ ላይ ገለበጡት። ሌሎቹ ልጆች ለተደፋው ጣፋጭ አለቀሱ። ሰኪና ግን ዓይኗን ከሰውየው እጅ ላይ መንቀል አቃታት። ትዳሯ ሲፈርስ የሄደችው ወደዚያው ምድጃ ነው።

«ሐጂ፣ ሥራውን ያስተምሩኝ።»

«ሊጥ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ደግ። ያስቸገሩኝ የሚችሉት ናቸው። ነገ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ነዪ።»

ከተማው አልወደደውም። ወንድሞቿማ ጨርሰው ተናግረዋታል፦ «እስከ አብዱልመጂድ ልጅ ሠርግ እንታገሥሻለን። በእጅሽ ሥራ ራስሽን ከቻልሽ ቻልሽ፤ አለበለዚያ ለእህል ነጋዴው እንድርሻለን።» እህል ነጋዴው ሁለት ሚስት ያለው፣ ጥርሱ ያለቀ ሰው ነበር።

አብዱልመጂድ የከተማይቱ ትልቅ ባለጸጋ ነው። ዓመቱ ድርቅ ነበርና ላሞች ነጥፈዋል፤ ከየመንደሩ የተለቀመው ቅቤ ሁሉ ለልጁ ሠርግ በሐጂ ሱቅ በአንድ ትልቅ ድስት ተጠራቀመ። በሠርጉ ዋዜማ ሐጂ ጀናዛ ሊሸኙ ከከተማ ወጡ። ሰኪና ቅቤውን አነጠረች፤ ከእሳት አውርዳ፣ ክዳኑን ሳትገጥም ለዝሁር ሰላት ሄደች። ስትመለስ አይጥ ገብታበት ሞታ አገኘች። በጭልፋ አወጣቻትና ደጅ ላይ ቁጭ አለች።

ሐጂ የተመለሱት ከዐስር ሰላት በኋላ ነው። አብዱልመጂድና ብዙ ሰዎች ከቀብሩ አብረዋቸው መጥተዋል። ሰኪና ተነሥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ሐጂ፣ ድስቱን ሳልከድን ሄጄ ቅቤው ውስጥ አይጥ ወደቀች» አለች።

«አይጧም ሠርግ ተጠርታ ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዎቹ ሳቁ።

«ሴት ድስት ካዘዘች ገና ድመትም ይገባል» አለ ሌላው።

አብዱልመጂድ አልሳቀም። ቀድሞ ገብቶ ድስቱን አየ። ወሩ ብርዳም ነበርና ቅቤው ነጭ ሆኖ ረግቷል። በጣቱ ጫን አደረገው፤ ፊቱም በራ።

«አልሐምዱሊላህ! የረጋ ነው። ሐዲሱን ያውቁታል ሐጂ። ቅቤው የረጋ ከሆነ አይጧንና ዙሪያዋን አውጥቶ መጣል፣ የቀረውን መብላት ነው። ነገሩ አለቀ።»

«ሐዲሱ ልክ ነው» አሉ ሐጂ። «ግን አሁን መርጋቱ ምን ይሠራልናል? ስትወድቅ እንዴት ነበር? ፈሳሽ ከነበረ ሁሉም ነጃሳ ነው፤ አይበላም።»

ያንን ያየች ሰኪና ብቻ ናት። ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አብዱልመጂድ ድምፁን አለሰለሰ።

«እህቴ ሰኪና፣ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ‹ረግቶ ነበር› ካልሽ ነገ ትሪው ሲያልፍ ገበያው ሁሉ ‹የሰኪና እጅ› ይላል። ወንድሞችሽንም እኔው አናግራቸዋለሁ። ‹ፈሳሽ ነበር› ካልሽ ግን በዚህ አገር ማንም ዳግመኛ እሳት አያስነካሽም።»

«አብዱልመጂድ!» ሐጂ ጮኹ። በሰው ፊት ሲጮኹ የሰማቸው አልነበረም። «እኔ የጠየቅኳት ስለ ቅቤው ነው። ሠርግህን ምን አመጣው? ዞር በል ከፊቷ!»

«የእርስዎም ስም እኮ አብሮ ነው የሚደፋው።»

«ስሜን ለኔ ተወው።» ወደ ሰኪና ዞሩ፤ ፊታቸውን ግን አላለሰለሱላትም። «አላህ ያየውን ተናገሪ።»

ታላቅ ወንድሟ ከሰዎቹ መካከል ቆሟል። አይታዋለች።

«ፈሳሽ ነበር» አለች። «አይጧ እታች ሰጥማ ነው ያገኘኋት። ጭልፋው ሲገባ ቅቤው ተወዛወዘ።»

ሐጂ የድስቱን አንድ ጆሮ ያዙ። «በዚያ በኩል ያዢ» አሏት። ሁለቱ እየተንገዳገዱ ከግንቡ ውጪ አውጥተው ጉድጓድ ውስጥ ገለበጡት። ሕዝቡ ዓመቱን ሙሉ ያልቀመሰውን ቅቤ እያየ ተከተላቸው። ላግዛችሁ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ሲመለሱ ወንድሟ መንገዱን ዘጋ። «በቃ! ወደ ቤት። ለእህል ነጋዴው ቃል ሰጥተናል።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጂ። «የአይጥና የቅቤውን ሐዲስ ከተማው በሙሉ በቃሉ ያውቃል። ፈት ሴት በአፏ ካልፈቀደች አትዳርም የሚለውን ግን የሰማ አንድ ሰው የለም?» ከዚያም ሰኪናን፣ «ትሄጃለሽ?» አሏት።

«አልሄድም።»

ወንድምየው ዙሪያውን አየ። ሐዲሱን አላውቅም ለማለትም አፈረ፤ አውቃለሁ ማለትም አልሆነለት። መንገዱን ለቀቀ።

አብዱልመጂድ ግን ንዴቱ አልበረደም። «ለአንዲት አይጥ! ማር ሲፈስበት ማን ያውቅ ነበር?»

ሐጂ ወደ ሱቁ ገብተው የሊጥ መዳመጫቸውን ከመደርደሪያው አንሥተው፣ በሰው ሁሉ ፊት ለሰኪና ሰጧት። እንዲህም አሉ፦

«ማር ሁሉን ይሸፍናል። ስለዚህ ማር የሚያፈስ እጅ ምንም የማይሸፍን ይሁን።»

ይህን ታሪክ በየመስጊዱ የሚተርኩ ሰዎች፣ መጨረሻው ላይ አብዱልመጂድ አለቀሰ፣ ተጸጽቶም ተውበት አደረገ፣ በማግስቱም ዝናብ ዘነበ ይላሉ። አላለቀሰም። አልዘነበም። ለሠርጉ ከሌላ ከተማ ጣፋጭ አስመጣ፤ ሰዎቹም ሄደው በሉለት። የሐጂ ምድጃ ለረጅም ጊዜ ትእዛዝ አጥቶ ቀዝቅዞ ኖረ። ሰኪና ማንም በማይገዛበት በዚያ ወራት በየቀኑ ሊጥ ስትዳምጥ ሥራውን ጨርሳ ተማረች። ሐጂ ከሞቱ በኋላ በዚያው ምድጃ አረጀች፤ ያንን ቀን የሳቁባት ሰዎችም ለልጅ ልጆቻቸው ሠርግ ደጇ ላይ ተሰለፉ። ይቅርታ የጠየቃት ግን አልተሰማም።

ሐጂ ያሉትን ብዙዎች ስለ ንግድ ሐቀኝነት የተነገረ አድርገው ይፈቱታል። ይህ እንኳ ትንሹ ክፍል ነው። በየአገሩ ብዙ ኪታብ አገላብጫለሁ፤ ቅቤን የምታድነውን መስመር ፈልጎ የሚያገኝ ሰው በየዘመኑ ሞልቷል። ሴትን የምታድነዋ መስመር እዚያው ኪታብ ውስጥ ሳትነበብ ትረጋለች። ዲን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚፈልገውን ብቻ በጭልፋ እያወጣ ስለሚወስድ ነው።

ባለጸጋውን የሚያስለቅሱት ተራኪዎችም ማር እያፈሰሱበት ነው። ከሥሩ ያለችው አይጥ እንዳትታይ። እናንተ ስትተርኩት እንዳለ ተርኩት፤ አድማጩን ቢመረው ይምረረው።