ደረጃ የሌለው ቤት

ተረት አለኝ፣ ቀረብ በሉ። ዝንጀሮና ሽኮኮ በአንድ ገደል ላይ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሽኮኮ ገና በወጣትነቷ ከጠባቧ ዋሻዋ ሥር ድንጋይ እየደረደረች ደረጃ ትሠራ ጀመር።

“አንቺ፣ በአንድ ዝላይ ለሚገባበት ቤት ደረጃ ምን ያደርጋል?” አላት ዝንጀሮ።

“ጉልበቴ ለሚከዳኝ ቀን ነው” አለችው።

“የእኔስ አይከዳኝም” ብሎ ሳቀባት።

ሁለቱም አረጁ። አንድ ቀን ሲመሽ ዝንጀሮ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰና እንደ ልማዱ ወደ ዋሻው ዘለለ። መሬት ላይ ተዘረረ። ተነሥቶ ደግሞ ዘለለ፤ ጣቶቹ የዋሻውን አፍ ቧጥጠው ተመለሱ። ክው አለ። የራሱ ያልሆኑ ይመስል መዳፎቹን እያገላበጠ አያቸው። ሽኮኮ ቀስ እያለች ደረጃዋን ወጥታ፣ የእሱ ጭንቅላት እንኳ ከማይገባበት ጠባብ ቤቷ ገባች።

ይኼኔ ጅብ ከቁጥቋጦው ብቅ አለና ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀው፦ “ጋሼ ዝንጀሮ፣ ዛሬ ደጅ ሊያድሩ ነው እንዴ?”