የሽባባው ራስና የመምህሩ ቅቤ

አንድ ቀን ነው፤ የትኛው ቀን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ብቻ ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣው መምህር ልሳነወርቅ እድርተኛው በተሰበሰበበት ተነሥቶ ስለ ኢንትሮፒ ያስተምር ጀመር። ማን ጠየቀው? ማንም። እውቀት እንደ ቁንጫ ነው፣ ያለበት ሰው አርፎ አይቀመጥም።

«ኢንትሮፒ ማለት ባጭሩ የነገር መዝረክረክ ነው» አለ። «የገባውን ሙቀት በሙቀቱ ልክ ታካፍሉታላችሁ፣ ለውጡ ይወጣል። ቅቤ ሲቀልጥ ይጨምራል፤ ሲረጋ ይቀንሳል። ታዲያ ነገሩን ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ሙሽራ እርምጃ ካስኬዳችሁት፣ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል፣ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ በመጣበት መንገድም ይመለሳል!»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አጥር ሥር የታሰረችው አህያ እንኳ ነቀነቀች።

የመምህሩ ቤት ቆርቆሮ ነው። ለፋሲካ የገዛው አንድ ማሰሮ ቅቤ እንዳይቀልጥበት ፈርቶ፣ በጎረቤቱ በሽባባው ሣር ቤት ውስጥ በአደራ አኖረው። ሽባባው ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ ሬሳውን ያሳቀ ቀልደኛ ነው።

አደራ አይበላም፣ ጊዜውም ጾም ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሽባባው አልበላውም። ራሱን ሲያመው ግን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ተቀባ። በማግስቱም አመመው። በሠልስቱም። እንደዚያ ዓመት ራስ ምታት የጠናበት ሰው አልታየም! ራሱ ከማብረቅረቁ የተነሣ፣ መንገደኛ ከሩቅ ኩሬ እየመሰለው ከብቱን ሊያጠጣ ይመጣ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ መምህር ማሰሮውን ከፍቶ ቢያይ ባዶ! ሽባባውን እየጎተተ እድርተኛው በተሰበሰበበት ከእድሩ ዳኛ ከአባ መንበሩ ፊት አቆመው።

«አደራዬን በላ! በምትኩ አውራ ዶሮውን ይስጠኝ!»

ሽባባው ደነገጠ። ለፋሲካ ያለው ያው አንድ ዶሮ ነው፤ ሚስቱ ሽንኩርቱን ከትፋ ጨርሳለች።

«አባቴ፣ ተቀባሁት እንጂ አልበላሁትም» አለ። «ያውም በጣት ጫፍ፣ ጾሙን ሙሉ። መምህር፣ ከዚህ በላይ ቀስ ይባላል?»

«እሱስ አይባልም፣ ግን...»

«ከማሰሮው የጎደለው እኔ ራስ ላይ ተጨመረ። ድምሩስ?»

«ዜሮ!» አለ መምህር። ጥያቄ ከሰማ አያስችለውም።

እድርተኛው በሳቅ ፈረሰ። መምህር ቱግ አለ።

«ዜሮ ከሆነ በመጣበት ይመለሳላ! አሁኑኑ መልስ!»

«ተረታህ ልጄ» አሉ አባ መንበሩ። «ወይ ቅቤውን መልስ፣ ወይ ዶሮውን አምጣ።»

«እመልሳለሁ አባቴ፣ ምን ከፋኝ! ብቻ መምህር፣ ቶሎ ብመልሰውስ?»

«በችኮላማ ምኑን ተመለሰ! ይዝረከረካል እንጂ!» አለ መምህር ደረቱን ነፍቶ። «በትክክል እንዲመለስ ከተፈለገ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ነው የሚፈጀው!»

ሽባባው ወደ ዳኛው ዞረ።

«ሰሙልኝ አይደል? እኔ መመለሱን ጀምሬያለሁ። እባክዎ ይህን ሰውዬ አታቻኩለው ይበሉልኝ፤ ቅቤውን ያበላሽብኛል!»

በማግስቱ ዶሮው እዚያው ሽባባው ቤት ተበላ። መምህርም ተጠርቶ ነበር፤ ኋላ መልስ እንዳይባል ነው መሰለኝ፣ በጣም ተቻኩሎ በላ።