በነብር ስም የቀናው አንበሳ

ለሰው ልቡናን፣ ለአራዊት ጕልበትን፣ ለፍጥረት ሁሉ ልኩንና ድንበሩን የሰጠ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ የተናጋሪውን አንደበት ከሐሰት፣ የሰሚውንም ልብ ከቅንዓት ይጠብቅ፤ አሜን።

አንድ ጊዜ በሰፊ ሜዳ ላይ የነገሠ አንበሳ ነበር። ሜዳው ሣር የለበሰ፣ ምንጩ የማይነጥፍ፣ ሚዳቋውና ድኩላው የበዛ ስለ ነበር አንበሳው ከሚስቱና ከደቦሎቹ ጋር ጠግቦ ያድር ነበር። የጎደለበት ነገር አልነበረም። ሆኖም ከወንዙ ማዶ በገደል ላይ የሚኖር ነብር ነበርና የዚያ ነብር ስም ዕረፍት ይነሣው ነበር። «ነብር መልኩ ያምራል» ሲባል ከሰማ ጎፈሩ ይቆማል፤ «ነብር ዛፍ ይወጣል» ሲባል ከሰማ ደግሞ መሬቱን በጥፍሩ ይቧጥጣል።

ከዕለታት በአንዱ ቀን ከወንዙ ማዶ ካለው ደረቅ ቆላ ከርከሮ መጣ። ከርከሮ የቆላው ገዥ ነበር። የአገሩን ሥራ ሥር ሁሉ እየቆፈረ ለራሱና ለዘመዶቹ ብቻ ስላደረገው ጃርቶች ሸፍተውበታል። ጃርቶችም ፊት ለፊት አይዋጉም፤ ጠላት ሲበረታ ጉድጓድ ይገባሉ፣ ሲዘናጋ ወጥተው ይወጋሉ። ያሳደዳቸው እንደ ሆነ ይሸሻሉ፤ ሸሽተው ሸሽተው ድንገት ቀጥ ይሉና እሾሃም ጀርባቸውን ይዘው ወደ ኋላ ይወረወሩበታል።

«ጃንሆይ፣ ይድረሱልኝ!» አለ ከርከሮ፣ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ።

አንበሳው አዛጋ። «በቆላህ ምን ይገኛል?»

«ድንጋይና እሾህ፣ ጃንሆይ።»

«እንግዲያስ ድንጋይህንና እሾህህን ይዘህ በደኅና ግባ።»

ቀበሮ ከዙፋኑ ግርጌ ተቀምጣ አጥንት ትግጥ ነበር። ጅቦች ሜዳውን ለቀው ቢሄዱ የንጉሡ ትርፍራፊ ሁሉ ለእርሷ እንደሚቀር ታውቃለችና ቀስ ብላ፣ «መልካም ፈረዱ፤ ያን አገር ለነብር መተው ይሻላል» አለች።

አንበሳው ማዛጋቱን አቋረጠ። «ለማን?»

«ለነብር ነዋ! ጃርቶቹ ጌታችን ነብር ነው ይላሉ ይባላል። እኔስ ምን አውቄ፣ ጃንሆይ? ወሬ ነው።»

«ያ ዥጕርጕር! እርሱ እኮ ድመት ነው!»

«ድመት ነው እንጂ። ስሙ ግን እያደገ ሄደ።»

አንበሳው ተነሥቶ ቆመ። «አያ ጅቦን ጥሩልኝ!» ጅብም እየተንቀዠቀዠ ሲመጣ፣ «ከከርከሮ ጋር ሂድና ለወገኖቹ መንከስን አስተምር። አንተ ግን እንዳትነክስ፤ አስተማሪ ብቻ ነህ» ብሎ አዘዘው።

«እሺ ጌታዬ፤ ምሳ አለው?» አለ ጅብ።

ብዙም ሳይቆይ ጅብ አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶበት ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው፤ ጥቂት ወንድሞቼን ይጨምሩልኝ።» አንበሳው ጨመረለት። የተጨመሩትም ተወጉና ለእነርሱ ረዳት ሌሎች ተላኩ፤ ለረዳቶቹም ረዳት ተላከ። በመጨረሻ በሜዳው አንድ ጅብ እንኳ አልቀረም፤ ቀበሮም ወፈረች። አንበሳው ግን ወሬ በደረሰው ቍጥር ስለ ከርከሮ ጠይቆ አያውቅም፤ ጥያቄው ሁልጊዜ «ነብር ምን አለ?» የሚል ነበር።

«ሳቀ ይላሉ፣ ጃንሆይ» ትለዋለች ቀበሮ።

በዚህ ተቃጥሎ ራሱ ሊዘምት ተነሣ። ሚስቱ በምንጩ ዳር መንገዱን ዘጋችበት። «የቤቴ ጌታ፣ ደቦሎቹ ገና ማደን አልተማሩም። የሚበሉት ከዚህ ከመዳፍህ ነው። እሾህ ቢገባበት ምን ሊውጣቸው ነው?»

«ነብር እየሳቀብኝ ሥጋ እንዴት ይዋጥልኛል?»

«ሲስቅ ሰማኸው?»

«ቀበሮ ሰምታለች።»

«ቀበሮ ወንዙን ተሻግራ ታውቃለች?»

አንበሳው አልፏት ሄደ።

በአንበሶች ሥርዓት ንጉሥ ወደ ሌላ አገር ሲገባ ሳያገሣ አይገባም፤ ሳያገሡ መግባት የሌባ ሥራ ነው ይላሉ። ስለዚህ አንበሳው ወንዙን እንደ ተሻገረ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ አገሣ፤ ቆላውም ተንቀጠቀጠ። አንዲት አሮጊት ጃርት ይህን ሰምታ፣ «ልጆቼ፣ ንጉሡ መምጣታቸውን ነገሩን፤ እግዜር ይስጣቸው። በሉ ግቡ» አለች። አንበሳው ሲደርስ ያገኘው ባዶ ጉድጓድ አፍ ብቻ ነበር። ዞር ሲል ጃርቶቹ ወጥተው ጅቦቹን ወጉ። በማግስቱ አገሣ፤ ጃርቶቹም ገቡ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ።

በመጨረሻ ያ የማያስተውለው ጅብ እንኳ ነገሩ ገባው። «ጌታዬ፣ ዛሬ ዝም ብለን ብንገባስ?»

«ዝም ብዬ? በሆዴ እየተሳብሁ? ነብር የሚያድነው እንደዚያ ነው! ከገደሉ ላይ ቢያየኝ አንበሳ ከእኔ ተማረ አይልም?» ብሎ ከቀድሞው አብልጦ አገሣ።

ያን ዕለት አሮጊቷ ጃርት ለመግባት ዘገየች። አንበሳው አያትና በቍጣ ተወረወረ። ሸሸች፤ ሸሸች፤ ልትያዝ ስትል ቀጥ ብላ ቆመች። እሾህዋ በቀኝ መዳፉ ጠልቆ ገባና ከውስጥ ተሰበረ።

እያነከሰ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ጅብ ከንፈሩን ይልሳል። «ከርከሮ የታለ?» አለው አንበሳው።

«ጌታዬ፣ ጃርቶቹ እንዳያገኙት ሸሸግሁት።»

«የት?»

ጅብ ሆዱን አየ። «ከዚህ የጠለቀ መሸሸጊያ ከየት ላምጣ?»

«ዘመዶቹስ?»

«እነርሱማ ቀደም ብለው ገብተዋል።»

ሊረዳው የዘመተለት ከርከሮ አልቋልና አንበሳው ወደ ቤቱ መመለስ በተገባው ነበር። ነገር ግን በነብር ፊት አሸናፊ ሆኖ ሳይታይ መመለስ አልሆነለትም፤ በሦስት እግሩ እየዘለለ ገደሉን ወጣ። ነብርንም በዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘው።

«አያ አንበሳ! ምን እግር ጣለህ?»

«የጃርቶቹ ቆላ ጌታ ማን እንደ ሆነ ላሳይህ መጣሁ።»

ነብር የፊት እግሩን አንሥቶ ያረጀ ጠባሳ አሳየው። «ይህን ከዚያ ነው ያመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ወደዚያ አላዞርሁም። ጃርቶቹ ስሜን ካነሡ ሲረግሙኝ ነው።»

«አልሳቅህብኝም?»

«ስታገሣ ሰማሁና ምስኪን፣ እርሱም ገባበት አልሁ እንጂ ምን ያስቀኛል?» ነብር ማዶ ያለውን ሜዳ ተመለከተ። «አያ አንበሳ፣ እውነቱን ልንገርህ? እኔ ከዚህ ደረቅ ገደል ላይ ሆኜ ሣርህንና ምንጭህን ባየሁ ቍጥር የምቀናው በአንተ ነበር።»

አንበሳው ከገደሉ ወረደ። ቤቱ ሲደርስ መዳፉ አብጦ ነበር፤ ከዚያም ወዲያ አላደነበትም። ሚስቱ አልወቀሰችውም፤ ያደነችውን ለደቦሎቹ አካፍላ ለእርሱም የተረፈውን አቀረበችለት። ሥጋውን እያላመጠ ሳለ ቀበሮ ተጠጋች።

«ጃንሆይ፣ ከተራራው ወዲያ ስላለው ተኵላ የሚወራውን ሰሙ?»

የአንበሳው ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱ ያን ጆሮ አየች፤ ከዚያም ደቦሎቹን አስነሥታ ማደን ልታስተምራቸው ብቻዋን ይዛቸው ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ስም ቀንቶ የማይመለከተውን ጦርነት የራሱ የሚያደርግ ኃያል ጠላቱ ሳይነካው በገዛ ቅንዓቱ እንደሚሸነፍ፣ ዕዳውም በቤት በቀሩት ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር በድርሻችሁ ደስ የሚላችሁ ያድርጋችሁ፤ ከወሬ አቀባይ ምክር ይሰውራችሁ፤ መዳፋችሁን ለልጆቻችሁ ያቆይላችሁ፤ ደጃችሁን በሰላም ይጠብቅ፤ አሜን።