የላላው ቡሎን

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ። ቢሾፍቱ ውስጥ የመኪና መግቢያውን በቀይ የሲሚንቶ ንጣፍ ያሳመረ ሰው። ጠብታ ዘይት እንዳይነካው ብሎ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ከሥሩ አሮጌ ትሪ ያስቀምጣል። ንጣፉ ያምር ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው?

አንድ ቀን ሚስቱ ከጎረቤታቸው ከደምሰው ቤት ተመልሳ፣ እነሱ ግቢ ንጣፉ ላይ ምግብ ቢደፋ አንስተው ይበሉታል አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ የራሱ ንጣፍ አልታይህ አለው። በአጥሩ ቀዳዳ የደምሰውን ንጣፍ ያያል፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ ይፈልጋል። የለችም። አንጀቱ አረረ።

የደምሰው ሚስት ወለደች። ሰውየው አራስ ሊጠይቅ ተነሣ። ጎረቤት ለመሄድ መኪና ምን ያደርጋል? ሁለት ሳጥን ለስላሳ ስለምንይዝ ነው አለ። ትሪውን ወደ ጥግ አደረገና ከመኪናው ሥር ገብቶ የሞተሩን ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አደረገው። ሚስቱ ነጠላዋን እስክትፈልግ መኪናው እዚያው ቆሞ ጠበቃት።

ወደ ደምሰው ግቢ ገብቶ መኪናውን ንጣፉ መሀል ላይ አቆመ። ገንፎ ቀረበለት፤ ልቡ ግን ውጭ ነበር። ደምሰው ወጣ ሲል ዘይቱን አየ። ተቆጣ? አልተቆጣም። የክት ልብሱን እንደለበሰ ተንበርክኮ ቡሎኑን አጠበቀ፤ ሰጋቱራ በትኖ ጠረገ፣ በሳሙና ፈተገ። ዘይቱ ገና እርጥብ ስለነበር ለቀቀ።

«ወንድሜ፣ እግዜር አተረፈህ» አለው እጁን እየጠረገ። «ረጅም መንገድ ሄደህበት ቢሆን ሞተርህ ይቃጠል ነበር።»

ሰውየው አመሰገነ፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ሲመሽ ቤቱ ገባ። ምን አየ? ሚስቱን በጠበቀበት ቦታ፣ በገዛ ንጣፉ ላይ፣ ጥቁር ዘይት። ፀሐይ ሲመታው ውሎ ንጣፉ ጠጥቶታል። ፈተገ። እንደገና ፈተገ። አልለቅ አለ። ደምሰውን ማስለቀቂያውን እንዳይጠይቅ፣ ምን ብሎ ይጠይቀው?

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በማን አጥር ቀዳዳ ነው የምታዩት? የእህታችሁን ትዳር ነው? የባልደረባችሁን ዕድገት? አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ስትሉ፣ ሳጥኑን ሁሉም ያያል። ቡሎኑን ግን ማን አላላው? የትስ ሆናችሁ አላላችሁት? ቤታችሁ አይደለም? ልጆቻችሁ በሚጫወቱበት አይደለም?

ዛሬ ስትገቡ የሰውን ግቢ ተዉትና እግራችሁ ሥር እዩ። እርጥብ ከሆነ ገና ይለቃል። ሂዱ፣ ፀሐይ ሳይመታው።