ዝንጀሮ ከጃርት ጋር የሠራው ወንበር

ኑ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እናንተ ትልልቆቹም አትኩሩብኝ፤ ይህን ተረት በተለይ ለእናንተ ነው የማወራው።

ድሮ ድሮ፣ ስሟን የሚያውቅ በሌለባት አንዲት አገር፣ አንድ ዝንጀሮ ወንበር እየሠራ ይኖር ነበር። መጥረቢያው የሰላ፣ ክንዱ የበረታ፣ አፉ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ። ሌላ ሠሪ ስላልነበረ አውሬው ሁሉ የሚቀመጠው እሱ በጠረበው ዱካ ላይ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዝንጀሮ የሁሉንም ልክ የሚወስደው በገዛ መቀመጫው ነበር። ቀጭኔ ስትቀመጥ ጉልበቷ ጆሮዋን ይነካል፤ ጅብ ከኋላው ዝቅ ያለ ስለሆነ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል። ቅር ያለው ቢመጣ ዝንጀሮ፣ «ወንበሩስ ምንም አልሆነ፤ የተበላሸኸው አንተ ነህ» ብሎ ይመልሰዋል።

ንጉሡ አንበሳም ከዚህ አልዳነም። ለችሎት በተቀመጠ ቁጥር ጅራቱ ከሥሩ ይቆነጠጥና ያገሳል። ሕዝቡም «ንጉሡ ተቆጣ!» እያለ ይበረግጋል። አንድ ቀን ሲመረው፣ «ክረምቱ ሳይወጣ የሚመቸኝ ወንበር ይሠራልኝ! የሠራው የቤተ መንግሥት ወንበር ሠሪ ይሆናል፤ ከእሱ በቀር በአገሬ እንጨት የሚጠርብ አይኖርም» ብሎ አሳወጀ።

ዝንጀሮ አዋጁን ሲሰማ ወደ እንጨቱ ሮጠ። ዱካ ጠረበ፣ አልወደደውም፤ ሌላ ጠረበ፣ ያው የድሮው ሆነ። መጥረቢያውን ለሌላ ማስረከቡ ነው እንግዲህ። እንቅልፍ አጣ።

በዚህ መሐል ጃርቲት መጣች። ወጣት ናት፤ ማንም አያውቃትም። ሁሉም እሾኋን ስለሚፈራ ቤቱ የሚጠራት አልነበረም፤ ሌሎች ሲቀመጡ ከደጅ ሆና እያየች፣ አፈር ላይ ወንበር ስትስል ነው ያደገችው።

«አያ ዝንጀሮ፣ አንድ ነገር ላሳይህ?» አለችና በእሾኋ ጫፍ መሬቱን ጫረች። አራት እግር፣ ሰፊ መቀመጫ፣ ከመደገፊያው ሥር አንድ ቀዳዳ።

«ይቺ ምንድን ናት? መሙላት ረስተሽ ነው?»

«የጅራት መውጫ ናት።»

ዝንጀሮ ዞር ብሎ የራሱን ጅራት አየ። ዕድሜ ልኩን ምን ሲቆነጥጠው እንደኖረ ያኔ ገባው። ይህን ለእሷ ከመንገር ግን ሞቱን ይመርጣል።

«ክፉ አይደለም» አለ እያከከ። «ምን ትፈልጊያለሽ ታዲያ?»

«ስሜ እንዲጠራ ነው። ንጉሡ ፊት ‹ያሰበችው ጃርቲት ናት› በልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይኼማ ምን ገዶኝ! ሐሳቡ ያንቺ፣ እጁ የኔ፣ ስሙ የጋራችን!»

ተማማሉና ሥራ ጀመሩ። ዝንጀሮ ዋንዛ ቆርጦ ፈለጠ፣ ጠረበ፣ አለሰለሰ። ጃርቲት በሚስማር ፈንታ ከገላዋ እሾህ እየነቀለች ሳንቃውን ከሳንቃ አጋጠመች። በነቀለች ቁጥር ያማታል፤ ስሟ ሲጠራ እየታሰባት ትችለዋለች።

ቀበሮ በዚያ ሲያልፍ ወንበሩን አየና አፉን ያዘ። «ወይ ጉድ! ይህን ማን አሰበው?»

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐሳቡ የምክክር ነው፣ እጁ የኔ፣ ስሙም ያው ወደ እኔ ያደላል።»

ከርከሮ መጣ። «ወይ ጉድ! ይህን ማን አሰበው?»

«ሐሳቡ የኔ፣ እጁ የኔ። ይቺ ልጅ እሾህ ታቀብለኛለች።»

ጎሽ መጣ። «ወይ ጉድ! ይህን ማን አሰበው?»

«ሐሳቡም የኔ፣ እጁም የኔ፣ ስሙም የኔ! እሷ? እሷማ ፍቅፋቂ ጠራጊ ናት።»

ጎሽ ራቅ ሲል ጃርቲት፣ «አያ ዝንጀሮ፣ መሐላችንስ?» አለችው።

«መሐላ እንጨት ይጠርባል እንዴ? በይ፣ ሐሳብሽ አልቋል፤ መንገድሽን ያዢ!»

«ወንበሩ እኮ አላለቀም።»

«አልቋል አልኩሽ!»

«የመቀመጫውን እሾህ ከሥር ወደ ላይ ነው የመታሁት፤ ጫፉ ከላይ ወጥቶ ቆሟል። ጫፉ የሚቆረጠው እንጨቱ ደርቆ እሾሁን አጥብቆ ሲነክሰው ነው። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው አጎዛ አልብሼዋለሁ፤ ገልጠህ እይ።»

«ትናንት ከጉድጓድ የወጣሽ ልጅ፣ እኔን ልታስተምሪኝ?» አለና አባረራት። አጎዛውን አልገለጠውም። መግለጥ ማለት እሷ ልክ ናት ማለት መሰለው።

በማግስቱ ጅቦች ወንበሩን በእግሮቹ ይዘው ቤተ መንግሥት አደረሱት። አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጃርቲትም ከኋላ ቆማለች። አንበሳ ወንበሩን ዞረው፣ ቀዳዳዋን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይህን ማን አሰበው?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ሐሳቡም የኔ፣ እጁም የኔ፣ ስሙም የኔ!»

«ማንም አላገዘህም?»

«ማን ነበረና!»

«እንግዲያው ወጉን ታውቃለህ። ጠላ የጠመቀች ቀድማ ትቀምሳለች፤ ወንበር የሠራም ቀድሞ ይቀመጣል።»

ዝንጀሮ ደስታው ልክ አጣ። ከንጉሡ ቀድሞ ሊቀመጥ! ደረቱን ነፋ፣ ጅራቱን በቀዳዳዋ አሾለከ፣ ሕዝቡ አይቶ እስኪጠግብ ጥቂት ቆየና ዘፍ አለ።

የዚያን ቀን ጩኸት፣ ልጆች፣ ወፍ ከዛፍ አስለቀቀ። ዘሎ ሲነሣ የእሾሁ ጫፍ ሁሉ ተሰብሮ ከነአጎዛው የዝንጀሮ መቀመጫ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ጃርቲት ልትቆርጠው የነበረውን እሱ ቆረጠላት።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ የለሁበትም!» አለ እየተንከባለለ። «ሐሳቡ የሷ ነው! እሾሁ የሷ ነው! ስሙም የሷ፣ የጃርቲት ነው!»

አንበሳ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሰማችሁ?»

«ሰምተናል!»

«እኔም ሰምቻለሁ። ጃርቲት ማን ናት? ትምጣ።»

ሲሸሿት የኖሩት ሁሉ መንገድ ለቀቁላት። ሳንቃው ላይ የቀረውን የእሾህ ጉቶ በመሮ አስተካከለች፣ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ እንደ ወጉም ቀድማ ተቀመጠች። ሕዝብ መሐል ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ስለነበር እንባዋ መጣ። ከዚያ ንጉሡ ተቀመጠ፣ ጅራቱን አሾለከ፣ አላገሳም። ሕዝቡ «ታመመ!» ብሎ ደነገጠ። የዝንጀሮ መጥረቢያም ያን ቀን ለጃርቲት ተሰጠ።

ዝንጀሮስ? በኀፍረት ሲሮጥ ቆንጥር ውስጥ ገብቶ እጅ እግሩም እሾህ በእሾህ ሆነ። ቀበሮ ደርሶለት፣ «እንንቀልልህ፤ ከየት እንጀምር? ከእጅህ ወይስ ከእግርህ?» ቢለው፣

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን!» አለ።

መቀመጫው ተመልጦ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እኔ የሰማሁትን አቀብያችኋለሁ፤ እናንተም ዝንጀሮ የሚመስል ጌታ ያላችሁ ለሱ ንገሩት፣

የባልንጀራውን ስም የበላ፣ ወንበሩ ይወጋዋል ኋላ።