የማን አሥራ አራት?

ከባሕር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ሐበሾች በሚበዙበት ሰፈር፣ የፍቅረኞች ቀን የሚከበረው ከተማው አክብሮ ከጨረሰ ከሳምንት በኋላ ነው። የአገሩ ሰው ቀይ አበባውን ከነፕላስቲኩ ቆሻሻ ውስጥ ከከተተ በኋላ፣ በእኛ የካቲት አሥራ አራት፣ ሴቶቹ ከየሰገነቱ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፤ ወንዶቹም ከታች ሆነው አበባ ያኖሩበታል። የዚህ ነገር መነሻ፣ የሰፈሩ ቀደምቶች እንደሚሉት፣ ከሐይቅ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ናት።

ስሟ መዲና ነበር ይባላል። ሞባይል እንደ ዛሬው በየኪሱ ሳይገባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ማዳሟ በሩን ስለምትቆልፍባት ከሰው የሚያገናኛት ሽንኩርት የምትጎትትበት ቅርጫት ብቻ ነው። ሽንኩርቱን ከገበያ የሚያመጣላት ይመር የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም፣ ምላስ ግን አለው። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ፣ «የፍቅረኞች ቀን በአሥራ አራት ነው አሉ፤ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ!» አለችው።

«እስከዚያ ወደብ ላይ መርከብ ሳራግፍ እቆያለሁ። ብቻ አበባውን ከሽንኩርቱ ጋር እንዳታቁላዪው!» ብሏት ሄደ።

ቀኑ ደረሰ፤ ከተማው ቀይ በቀይ ሆነ። በቀትር፣ ማዳሟ ጋደም ስትል፣ መዲና ቅርጫቷን አወረደች። ይመር የለም። የመጣው አፈሳ ነው። አበባ ይዘው የቆሙትን ሐበሾች ወረቀት እየጠየቁ መኪና ላይ ሲጭኗቸው፣ አበባው አስፋልቱ ላይ ሲረገጥ፣ ከላይ ሆና አየች፤ ፊታቸውን መለየት ግን አልቻለችም። «እኔ ነኝ ያስበላሁት» አለች። ከዚያ ወዲያ የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር፣ ይመርን ገርፈው ስሟን ያወጣጡት እየመሰላት ወደ ጓዳ ትሸሽ ነበር፤ ሆኖም በየቀትሩ ቅርጫቷን ማውረድ አልተወችም።

በሰባተኛው ቀን ገመዱ ከበደ። ከፎቁ ሥር ያለው ሱቅ ሸራ ስለሚከልላት ከታች ያለውን አታይም። ብትጎትት፣ ያዡ ፖሊስ ቢሆንስ? ብትለቀው፣ ይመር ቢሆንስ? እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ገመዱም አብሮ።

«ምነው እንዲህ ታንቀጠቅጪዋለሽ? ዓሣ ያዝሽ እንዴ?» አለ ከሸራው ሥር ያለ ድምፅ።

«ይመር! በሕይወት አለህ?»

«ምን እሆናለሁ? ዛሬ አሥራ አራት አይደል?»

«የማን አሥራ አራት?»

«የእኛ ነዋ! የካቲት አሥራ አራት!»

እሷ የቆጠረችው የማዳሟን ካሌንደር፣ እሱ ደግሞ ከአገሩ ይዞት የወጣውን ነበር። ከሽንኩርቱ ሥር ጠርዙ የጠቆረ ጽጌረዳ አገኘች፤ ልትስቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ቀኑን በትክክል የቆጠሩት አልተመለሱም።

ዛሬም ቅርጫት ሲከብድ ሴቲቱ «የማን አሥራ አራት?» ትላለች፤ ከታች «የእኛ!» ካልተባለ ገመዱ አይጎተትም። ከማዕዘኑ ፎቅ ግን የማንም ያልሆነ አንድ ቅርጫት ይወርዳል፤ በአፈሳው ለሄዱት ነው ይላሉ። የሚያወዛውዘው ነፋስ መሆኑን ሁሉም እያወቀ፣ ሲነቃነቅ መንገደኛው ቀጥ ይላል፤ አንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የማን አሥራ አራት?» ብሎ ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰ የለም።