የትርንጎን ፊት ያላሳየው ሞደም

ተረት ልንገራችሁ፤ እሺ በሉኝና ጆሯችሁን አውሱኝ።

ወይዘሮ እልፍነሽ የሚባሉ ከደሴ ርቀው የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ትርንጎ ደሴ ታማ ተኝታለች። ቀደም ሲል የትርንጎ ልጅ ሲሞት እልፍነሽ ከእህታቸው ተኳርፈው ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተዋል። አይ ኩርፊያ! አሁን ይቅርታ ሊጠይቁ ፈለጉ፤ የትርንጎ ድምፅ ግን በሕመሙ ተዘግቷል። በእሺታ ራሷን ስትነቀንቅ በቪዲዮ ካላዩ ሌላ መልስ የለም።

«ስልኬ፣ እህቴን አሳየኝ።»

«ሞደሙ ከኢንተርኔት ካላገናኘኝ አላሳይም» አለ ስልኩ።

«ሞደም፣ ስልኩን አገናኘው። ስልኩ አላሳይም አለ፤ እህቴ እየደከመች ነው።»

«አዲሱ ሶፍትዌር ካልገባልኝ አላገናኝም» አለ ሞደሙ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ።

«ሶፍትዌር፣ ግባለት። ሞደሙ አላገናኝም አለ፤ ስልኩ አላሳይም አለ፤ እህቴ እየደከመች ነው።»

«የኢንተርኔት ማዕከሉ ካልላከኝ በራሴ አልገባም።»

ማዕከሉ ጋ ደወሉ። «ልጆቼ፣ ላኩልኝ። ሶፍትዌሩ አልገባም አለ፤ ሞደሙ አላገናኝም አለ፤ ስልኩ አላሳይም አለ፤ እህቴ እየደከመች ነው።»

«ሁለቴ ልከን ግማሽ ላይ ተቋረጠ፤ ሲግናሉም ደካማ ነው። ጣሪያው ላይ የላላው ኬብል ካልጠበቀ አንልክም።»

ኬብል በራሱ ጠብቆ ያውቃል? ቴክኒሺያኑን አንዷለምን አስጠሩ።

«አንዷለም ልጄ፣ ውጣልኝ። ኬብሉ ላልቷል፤ ማዕከሉ አልልክም አለ፤ ሶፍትዌሩ አልገባም አለ፤ ሞደሙ አላገናኝም አለ፤ ስልኩ አላሳይም አለ፤ እህቴ እየደከመች ነው።»

«እማማ፣ ባጠብቀውስ ምን ዋጋ አለው? ሶፍትዌር እየገባ ሶኬት ከተነቀለ ግማሽ ላይ ይቀራል። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ነቅለውታል አይደል?»

«ሊቃጠል መስሎኝ ነዋ!»

«እሱ እኮ ሥራ ላይ ነው። እጅዎ ካላረፈ አልወጣም።»

ወይ ጉድ! ስንቱን ሲለምኑ ከርመው ጥፋተኛው የራሳቸው እጅ ነው ለካ። እልፍነሽ ከልባቸው አዘኑ።

«እጄ፣ አርፈህ ተቀመጥ። አንዷለም አልወጣም አለ፤ ኬብሉ ላልቷል፤ ማዕከሉ አልልክም አለ፤ ሶፍትዌሩ አልገባም አለ፤ ሞደሙ አላገናኝም አለ፤ ስልኩ አላሳይም አለ፤ እህቴ እየደከመች ነው!»

እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡበት። እጅ አረፈ፤ አንዷለም ወጣ፤ ኬብሉ ጠበቀ፤ ማዕከሉ ላከ፤ ሶፍትዌሩ መግባት ጀመረ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል እጃቸው ሊነሳ ቃጣው፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት። ሃያ ደቂቃ! ከዚያ ሶፍትዌሩ ገባ፤ ሞደሙ አገናኘ፤ ስልኩ አሳየ።

ትርንጎ ከስታለች፤ ፊቷ ላይ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«ትርንጎዬ፣ በድዬሻለሁ። ልጅሽን አልቀበርኩልሽም። ይቅር በይኝ።»

ትርንጎ ሳትነቃነቅ ትክ ብላ አየቻቸው። እልፍነሽ ስልኩ የተበላሸ መሰላቸው። ኋላ ግን ትርንጎ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብላ። እልፍነሽ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

በማግስቱ ትርንጎ አረፈች።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦው ይቅርብኝ፤ የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት።